ዝም ያለ ሁሉ አልሄደም

ሣራን ምጥ የያዛት የበልግ ዝናብ መሬቱን ባላቆጠበት ሰሞን ነበር። ከጂንካ ከተማ በላይ፣ የአሪ ገበሬዎች እንሰትና ቡና ከሚተክሉበት ተረተር ላይ፣ ባሏ ዶላሞ ጎጆ ከቀለሰላት ብዙም አልቆየም። የተጋቡት መሬት ለአራሹ ታውጆ ዶላሞ ከጭሰኝነት በወጣ ማግስት ስለነበር፣ የሰፈሩ ሰው «ሁለት ደስታ ባንድ ቤት ገባ» ብሎ መርቋቸው ነበር። እንግዲህ ሦስተኛው ደስታ ይህ ልጅ ነው።

ልጁ ግን አልመጣም አለ። የመንደሩ ሴቶች ወገቧን ደግፈው፣ ሆዷን በቅቤ አሽተው፣ ጸልየውም ጠበቁ። መሸ፣ ነጋ፤ ደግሞ መሸ። ጩኸቷ ሰልሎ ማቃሰት ብቻ ሲቀራት ዶላሞ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ በቃሬዛ አሸከማቸውና ቁልቁለቱን ተያያዙት። ጭቃው ያንሸራትታል። ቃሬዛው በተዘነበለ ቁጥር ሣራ የባሏን ስም ትጠራለች፤ እሱም በጠራችው ቁጥር «አለሁ» ይላታል።

ጂንካ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ወርቅነህ የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ተቀበላቸው። ያለውን ሁሉ አደረገ፤ ላብ አጠመቀው። ልጁ ወንድ ነበር፤ ከሞተ ግን ቆይቷል።

«እናቲቱ ትተርፋለች» አለ ወርቅነህ እጁን እየታጠበ።

ሣራ ከተኛችበት ሆና ዶላሞ አንዲት ትንሽ ጥቅልል ደረቱ ላይ ይዞ በበሩ ሲወጣ አየችው። ልታስቆመው ፈለገች፤ ድምፅ አልወጣላትም።

ቤቷ ከገባች በኋላ አንድ ጠዋት ስትነቃ መኝታዋ ርሷል። ከድካሙ ነው ብላ ተወችው። በማግስቱም ያው ሆነ። ቆማም ተቀምጣም፣ ሳይታወቃት፣ ሽንቷ ቁልቁል ይወርዳል። ጉልበቴ ሲመለስ ይተወኛል አለች። ጉልበቷ ተመለሰ፤ እሱ ግን አልተዋትም። ጭኖቿ ተላጡ፤ ጨርቅ አልበቃ አላት። ሽታው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባ ጀመር።

የዶላሞ እናት ከእነሱ ጋር ነበር የምትኖረው። ባሏ በወጣትነቷ የሞተባት፣ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎ አፍንጫዋን በነጠላዋ መያዝ አመጣች፤ በመጨረሻ ሣራ ፊት ለልጇ ተናገረች።

«ቤት የሰው ነው፣ ልጄ። እኔ እንዲህ ባለ ሽታ ውስጥ እህል አይወርድልኝም።»

ዶላሞ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ሣራ ቀደመችው። «እውነቷን ነው። ከጓሮ ትንሽ ጎጆ ሥራልኝ። እኔም እዚያ ይሻለኛል።»

ሠራላት። ከእንሰቱ መሃል፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስተኛ ጎጆ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዶላሞ ጎህ ሲቀድ ለጋ የእንሰት ኮባ ቆርጦ በጎጆዋ ደጃፍ ማኖር ልማዱ ሆነ። ሣራ የትናንቱን ኮባ ጠቅልላ ጥላ፣ አዲሱን አንጥፋ ትቀመጥበታለች፤ ትተኛበታለች። ስለዚህ ነገር እሱም አንድ ቀን አላነሣ፣ እሷም አላነሣችም። ማታ ማታ ቆጮውን ይዞ መጥቶ ደጃፏ ላይ ይቀመጥና አብረው ይበላሉ። እናቱ ከትልቁ ቤት ሆና ብትጣራም ሳይጨርስ አይነሣም።

ሁለቱም ወንጌል የተቀበሉ ነበሩ። በመንደሩ የቆርቆሮ ክዳን ያላት ጸሎት ቤት ነበረች፤ ወንጌላዊው ጋሽ ኤርጎ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እሱም የአሪ ተወላጅ ነው። ሣራ በታመመች ሰሞን ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቶ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። እሷም አመነች፤ በማግስቱ ደርቄ እነቃለሁ ብላ የተኛችበትን ኮባ እየዳሰሰች ነጋ። አልደረቀም። ደግመው ጸለዩ። በሦስተኛው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «የተሰወረ ኃጢአት ካለ ተናገሪ፣ እህቴ» አላት። ሣራ ከልጅነቷ ጀምሮ ያደረገችውን ሁሉ ስታበጥር ሰነበተች። እናቷን የዋሸችው ውሸት፣ ከጎረቤት ማሳ የነቀለችው ቦዬ፣ ሁሉም ትዝ አላት። ለዚህ ይህ ሁሉ ይገባ እንደሆነ ግን ሊገባት አልቻለም።

ከዚያ የባሰ ዘመን መጣ። በየመንደሩ የጴንጤ ጸሎት ቤቶች ይዘጉ ጀመር፤ የእነሱም ታሸገችና የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሆነች። ጋሽ ኤርጎን ሁለት ታጣቂዎች እየነዱ ወደ ጂንካ ወሰዱት። ምእመኑ ተበታተነ፤ የቀረው በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጸልያል። ሣራን የሚጠራት አልነበረም። የእርጥብ ጨርቅ ሽታ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚበረታ ታውቃለችና አልተቀየመችም። ብቻዋን ጎጆዋ ውስጥ ሆና ትዘምር ነበር፤ ቆይቶ ግን መዝሙሩ አፏ ላይ እየደረቀ መጣ።

ጋሽ ኤርጎ ሲፈታ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የተመለሰው። ምን እንዳደረጉት ለማንም አልተናገረም። በተፈታ በጥቂት ቀን ከሣራ ጎጆ ደጃፍ መጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እንዴት ከረምሽ?» አላት።

«እንዳየኸኝ ነኝ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ሣራ፣ «ኃጢአቴን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ምን እንደቀረኝ አላውቅም። ለምን አይሰማኝም?» አለችው።

ጋሽ ኤርጎ የተጎዳውን እግሩን በእጁ አንሥቶ አቃናው። «ይህን እኔም እዚያ ጠይቄው ነበር» አለ። «ሽማግሌው ስለ ኃጢአት ያለሽን እርሺው። እሱም ጨንቆት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተምሬ ወጣሁ። እስር ቤት ሳለሁ ሚስቴ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ እንዳንነጋገር ይከለክሉናል። በግንቡ ማዶ ቆማ ትውላለች። አላያትም፣ አልሰማትም። መኖሯን ግን አውቃለሁ። ዝም ያለ ሁሉ አልሄደም።»

ያን ቀን ያ ቃል ለሣራ ብዙም አልገባትም። ሲመሽ ግን፣ ጸሎት ይሁን ልማድ ለይታ ሳታውቅ፣ «እዚያ ማዶ ካለህ፣ እኔም እዚህ ነኝ» ብላ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቀን ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። አብረዋት ያገቡት ሴቶች ልጆቻቸው ከብት ሊያግዱ ደረሱ። አማቷ ልጇን ከመወትወት አልቦዘነችም። «ዘርህ ሊጠፋ ነው። አንዷን ደህና ሴት አምጣ፤ ይቺንም አታባርራት፣ ከጓሮ ትኑር» ትለዋለች። አንድ ቀን ሣራ ራሷ አነሣችው።

«እናትህን ስማት። እኔ አልቀየምህም። ልጅ ያስፈልግሃል።»

ዶላሞ ቆጮውን ወደ አፉ ሲያደርስ ቆመ። «ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ብዪ። ሊቀዘቅዝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ሚስት በዚያ ግቢ ቃል የተነፈሰች እናቱ ብቻ ነበረች። እሷም ብዙ ሳትቆይ ወደቀች።

የገበያ ቀን ነበር። ከጂንካ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተዘረረች፤ አንድ ጎኗ ሽባ ሆነ፣ አንደበቷ ተኮላተፈ። ዘመድ ሴቶች ተራ ገብተው ሊያስታምሟት መጡ። በሽተኛዋ ግን ሽንቷንም ሌላውንም መቆጣጠር ተሳናት። የዘመዶቹ ተራ መጀመሪያ ተዛባ፣ ከዚያ ቀረ። አንዷ ማሳ አላት፣ አንዷ ልጇ ታመመባት።

ሣራ ለብዙ ዓመት ያልገባችበትን የትልቁን ቤት በር ገፋ አድርጋ ገባች። አማቷ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሣራ ውኃ አሞቀች፤ አገላበጠቻት፤ አጠበቻት፤ ከዶላሞ ኮባ ከፍላ አነጠፈችላት። የት ላይ ቆዳ እንደሚላጥ፣ የቱ ቅባት እንደሚያስታግስ፣ ጨርቅ ምን ያህል ቢፈላ ሽታው እንደሚለቅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የሁለታቸውን ጨርቅ ባንድ እንስራ ውኃ እየቀቀለች ታሰጣለች። አማቷ መጀመሪያ ሲነኳት ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ንዴትም ይሁን እፍረት ሣራ አልጠየቀችም። እየቆየ መንቀጥቀጧን ተወች።

ከመሞቷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሣራ እግሯን ስትቀባት፣ በደህና እጇ ክንዷን ያዘቻት። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለች።

«አይሸትም» አለች።

አማቷ ስለ ራሷ ትበል ስለ እሷ ሣራ አልለየችውም። «አዎ፣ እማ። አይሸትም» አለቻትና ቀባቻት። ቀብሯ ላይ ከዶላሞ ይልቅ ያለቀሰችው ሣራ ነበረች።

እንዲህ እያለ፣ ደርግም ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ያ ድሬሰር ወርቅነህ ለክትባት ወደ መንደሩ መጣ። ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል። ሣራን ሲያይ አላወቃትም፤ ዶላሞን ግን አወቀው። የሆነውን ሲነግሩት ፊቱ ተለወጠ።

«ፌስቱላ ነው» አለ። «ምጥ ሲረዝም ፊኛ ይቀደዳል፤ አዲስ አበባ ይህን የሚሰፋ ሆስፒታል አለ። ብዙዎች ድነው ሲመለሱ አይቻለሁ።»

ሣራ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ይህን ሁሉ ዘመን ነበር?»

«ነበር። እኔም ያወቅሁት ቆይቶ፣ ለስልጠና ሄጄ ነው። አንቺ ግን ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ድነሽ ነበር የመሰለኝ።» አንገቱን ደፋ። «ወረቀት ጽፌ እልክሻለሁ።»

ሣራ ያን ምሽት ተቆጣች። በወርቅነህ አልነበረም። «አንተ ታውቅ ነበር» አለችው እግዚአብሔርን። «መድኃኒቱ አገር ውስጥ እያለ ዝም አልከኝ።» ይህን ብላ አለቀሰች፤ አልቅሳም ስታበቃ፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ ከእሱ ጋር ይህን ያህል ረጅም ነገር ስትነጋገር ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑ ታወቃት።

ከቀበሌ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ ደምሰው ለሣራ ጻፈላት፤ ለዶላሞ ግን አሻፈረኝ አለ። ለውትድርና የሚደርስ ወንድ ከቀዬው እንዳይወጣ ተብሏል። ስለዚህ አብራት የሄደችው የጋሽ ኤርጎ ሚስት ናት። ዶላሞ ጂንካ ድረስ ሸኛቸው። የጭነት መኪናው ላይ ከቡናው ከረጢት መሃል ቦታ አበጀላትና ወርዶ ጎማው አጠገብ ቆመ። ሣራ፣ «ትልቁን ቤት በደንብ አድርገህ ዝጋ፤ ዝናብ ይገባል» አለችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን ከፍ አድርጎ ቆሞ ቀረ፤ አቧራው እስኪሸፍነው አየችው።

ወይጦን፣ ኮንሶን፣ አርባ ምንጭን አልፈው አዲስ አበባ ገቡ። ሣራ ሆስፒታሉ ክፍል ስትገባ ያየችው ያልጠበቀችውን ነው። በየአልጋው ላይ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከባሌ፤ አንዳንዶቹ ገና ጡታቸው ያልጠና ልጃገረዶች። በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነበር የኖረችው። ያን ቀን ስለ ራሷ አላለቀሰችም፤ አጠገቧ ስለተኛችው፣ ስሟን እንኳ ለመናገር ስለምታፍረው ልጅ ነበር ያለቀሰችው።

መጀመሪያ የሰፉት አልያዘም። እንደገና ሊሞክሩ ቁስሉ እስኪጠግግ መጠበቅ ነበረባት፤ ከረመች። በሁለተኛው፣ አንድ ጠዋት ስትነቃ እጇን ሰድዳ አንሶላውን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ደግማ ዳሰሰች። ነርሷ መጥታ እስክታስነሣት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም፤ ብነቃነቅ ይሰበራል ብላ ፈርታ።

ሐኪሙ እንደገና ልጅ መውለዷ አጠራጣሪ መሆኑን አልደበቃትም። መዳኗን በስልክ ለወርቅነህ እንዲነግሩላት ለመነች፤ እሱም ለዶላሞ እንዲያደርስ።

ስትመለስ ትልቁ ቤት ተዘግቶ አገኘችው። ጋሽ ኤርጎ እግሩን እየጎተተ ዳገቱን ሲወጣ ባየች ጊዜ ልቧ ወረደ።

«ወሰዱት» አላት። «ቅዳሜ ገበያ ላይ አፈሳ ነበር። ገበያውን ከበው ወጣት ነው ያሉትን ሁሉ መኪና ላይ ጫኑት።»

«ዶላሞ እኮ ወጣት አይደለም።»

«አሁን ያን የሚለይ የለም።»

«ለምን ሄደ ታዲያ? አፈሳ እንዳለ እያወቀ ገበያ ምን ወሰደው?»

ጋሽ ኤርጎ ሊነግራት አልፈለገም፤ አይኗን ሲያይ ግን ሊደብቅ አልቻለም። «ወርቅነህ መዳንሽን ልኮለት ነበር። ደስታው ልክ አልነበረውም። ወደ ትልቁ ቤት ስለምትገቢ አዲስ ብርድ ልብስ ልግዛላት ብሎ ነው የሄደው።»

ሣራ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ባልድን ኖሮ አይሄድም ነበር፤ ይህ ነገር እንደ እሾህ ገብቶ ቀረ። ውሎ ሲያድር ሌላው ሁሉ ሐዘን ይደነዝዝ ነበር፤ ይህ ግን አልደነዘዘም። ሰዎች «እንኳን ዳንሽ» ሊሏት ሲመጡ እንደተያዘ ሌባ ትሸማቀቃለች።

ጠበቀች። በግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ከግንባር የተበተኑ ወታደሮች ባዶ እግራቸውን፣ ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ በየመንገዱ ወደ አገራቸው ይጓዙ ጀመር። ሣራ ከቁልቁለቱ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ሥራዋን ትታ ትቆማለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የመጣው ከማዶ መንደር የሆነ ተገኝ የሚባል ልጅ ነበር። ከዶላሞ ጋር አንድ ቀን ነው የታፈሱት። ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣ። እስኪናገር አልቸኮለችም፤ አይኑን ከመሬት እንዳላነሣ አይታለችና።

«ጎንደር በኩል ነበርን» አለ። «ገና ከመድረሳችን። አልተሠቃየም፣ እትዬ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«ቀበራችሁት?»

«ቀበርነው።» የጠጣበትን ዕቃ መሬት ላይ አኖረ። «መኪና ላይ ሲጭኑን ሁላችን እናለቅስ ነበር። እሱ ግን ከጎኑ ለተቀመጠ ሁሉ ‹ሚስቴ ዳነች› ይል ነበር። ስልጠና ላይም ያንኑ። እኛ እንስቅበት ነበር።»

ሐዘኑ ተለቀሰ። አገሩ ሁሉ ሐዘን ላይ ስለነበር የእሷ ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ጸሎት ቤቷ ለምእመናን ተመለሰች። እህሉን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አይጥ የበላውን ወንበር ጠገኑ። በመጀመሪያው እሁድ ከየመንደሩ ሰው ጎረፈ። የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ ጋሽ ኤርጎ ሣራን ጠራት። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ታምማ የዳነች ሴት ቆማ ጌታን ስታከብር መስማት። አንዳንዶቹ ሃሌ ሉያ ሊሉ ከወዲሁ ተዘጋጅተዋል።

ሣራ ተነሣች። ከሰው መሃል ስትቆም ብዙ ዘመኗ ነው።

«ድኛለሁ» አለች። «ታዩኛላችሁ፤ ከመሃላችሁ ቆሜያለሁ። የለመንኩትን ሰጥቶኛል። ያልለመንኩትን ደግሞ ወስዶብኛል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።» ወደ ጋሽ ኤርጎ ዞረች። «ጋሽ ኤርጎ፣ ዛሬ አመስግኚ ብትለኝ እሺ አልልህም። ልቤ ገና አልደረሰም። ብዋሽ እሱም ያውቃል። ግን ስቆጣም ወደ እሱ ነው የምጮኸው፤ ሌላ የምጮኽበት የለኝም። ይህንንም እስኪፈታልኝ እጠብቀዋለሁ። መጠበቅ እችላለሁ። ሌላ የምነግራችሁ የለኝም።»

ተቀመጠች። ሃሌ ሉያ ያለ አልነበረም። ከኋላ፣ ልጇን በዚያው አፈሳ ያጣች አንዲት ሴት መንሰቅሰቅ ጀመረች፤ ቀጥላ ሌላዋ። ጋሽ ኤርጎ ስብከት አዘጋጅቶ ነበር፤ መጽሐፉን ከፍቶ ትንሽ ካየ በኋላ ዘጋው፣ «እንጸልይ» አለና አይኑን ጨፈነ።

ሲወጡ ካፊያ ነበር። ሣራ ዳገቱን ብቻዋን ልትወጣ ስትል ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ሴት ክንዷን ያዘቻት፤ ሌሎችም ተከተሉ። ተያይዘው ቤቷ ገቡ። በታመመችባቸው ዓመታት ከእነሱ አንዳቸውም ደጃፏን ረግጠው አያውቁም ነበር። ወንበር ስላልበቃ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሣራ እሳቱን ቆሰቆሰችላቸው። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ባሎቻቸው፣ ስለ ዝናቡም ትንሽ አወሩ። አብዛኛውን ግን ዝም ብለው ነበር የተቀመጡት፤ ሊመሽ ሲል፣ ላሞቹ ከመስክ ሲገቡ፣ አንድ ባንድ ተነሥተው ወጡ።